መውጫው በየት ነው?

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንድ አባት ወደ እኔ ቀረቡ። ላሊበላ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ዘበኛ ናቸው።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "በሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ቀስት ቀስት አለበት። ሦስት ፊደልም አየሁ። መ፣ ው፣ ጫ። መውጫ ይላል። ማንበቡንስ አነበብኩት። ግን ለምን ለጠፉት? መውጫውን እኮ ሁላችንም እናውቀዋለን።"

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ለሁላችንም ይጠቅማል።

በደህና ቀን መውጫውን የማያውቅ የለም። እሳት ሲነሣ ግን ጭሱ ዓይን ይጋርዳል። ሰው ይደነግጣል። ሁሉም በገባበት በር ለመውጣት ይሽቀዳደማል። በሩ ይጨናነቃል፤ የወደቀ ይረገጣል። ስለዚህ ሁለተኛው መውጫ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ያ ሥዕል የመውጫ ካርታ ነው። አራት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ አሁን የቆማችሁበትን ቦታ። ሁለተኛ፣ መውጫዎቹን። ሦስተኛ፣ የእሳት ማጥፊያውን። አራተኛ፣ ከወጣችሁ በኋላ የምትሰበሰቡበትን ቦታ። መሰብሰብ ለምን ያስፈልጋል? ለመቆጠር ነው። የጎደለ ሰው ቢኖር ወዲያው ይታወቃል።

ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው "ሁለተኛው በርማ ሌት ተቀን ቁልፍ ነው። ቁልፉም ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው" አሉ።

አያችሁ? ካርታው መውጫ አለ ይላል። በሩ ግን ተቆልፏል። ካርታ ብቻውን ሰው አያድንም። ደንቡ በሥራ ላይ መዋል አለበት።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የደረሰውን አስታውሱ። በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የማርያም ንግሥ ነበር። ለግንባታ ሥራ የቆመ የእንጨት ርብራብ ነበር። ሰዎች በርብራቡ ላይ ወጡ። ርብራቡ ተደረመሰ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ርብራብ የሠራተኛ መቆሚያ ነው። ጥቂት ሠራተኞችን የሚችል እንጨት የበዓል ሕዝብ አይችልም።

እኛም አገር ሥጋት አለ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። ብዙዎቹ ግቢያቸው ከመሬት ዝቅ ያለ ነው። መግቢያ መውጫቸው ጠባብ ቦይና ዋሻ ነው። ለገና ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል። ቤዛ ኩሉ ሲዘመር የቤተ ማርያም ዙሪያ ገደሉ አፋፍ ድረስ በሰው ይሞላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን ጠይቁ። በጠባቡ መንገድ ላይ አትቁሙ። የልጃችሁን እጅ ያዙ። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱንም ወገን ያዛል። አሠሪው በሥራው ላይ ስላለው አደጋ ለሠራተኛው ማስረዳት አለበት። የአደጋ መከላከያ መሣሪያም መስጠት አለበት። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን መሣሪያ መጠቀም፣ ጉድለት ሲያይም መናገር አለበት። መናገር ድፍረት አይደለም፤ ግዴታ ነው።

እኒያ አባት በማግሥቱ አሠሪያቸውን አነጋገሩ። አሁን በሩ ከውስጥ በመወርወሪያ ብቻ ይዘጋል። በውስጥ ያለ ማንም ሰው ያለ ቁልፍ ይከፍተዋል። ከበሩ በላይም በከሰል "መውጫ" ብለው ጽፈዋል። የጻፉት በራሳቸው እጅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

እንወያይ

1. የምንማርበት ቤት ስንት መውጫ አለው?
2. በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ተከምሮ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
3. የቤታችሁን ካርታ ሣሉ። በመውጫው ላይ "መውጫ" ብላችሁ ጻፉበት።