በቡና አምራች ከተሞች ለነባር ት/ቤቶች የሚጨመር የትርኢት አዳራሽ አነዳደፍ

የተማሪው አእምሮ፣ አካልና ስሜት ተመጣጥነው እንዲዳብሩ ማድረግ የትምህርት ዓላማ መሆኑ የታወቀ ነው። ለዚህም ድራማ፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ ከፍ ያለ አገልግሎት ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር እድገት ራሱ ከት/ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። መምህርና ጸሐፌ ተውኔት የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ከ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ በፊት ድርሰቶቻቸውን በተማሪዎች አማካይነት ለመድረክ ያበቁ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ሕንፃ ግን የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከዚህ እንደሚታየው ሥራው ከአዳራሹ ይቀድማል፤ አዳራሹም ለሥራው ተብሎ መነደፍ ይኖርበታል።

ይህ ሲዘነጋ አዳራሹ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ የማይሰማበት፣ ውሎ አድሮም የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ይሆናል። የመማሪያ ክፍል እጥረት ባለበት አካባቢ እንዲህ ያለው ብክነት ከባድ ነው። ስለሆነም በጅማ ዞን ማና ወረዳ የምትገኘውን የቡንና እርሷን የመሰሉትን የቡና ከተሞች በምሳሌነት በመውሰድ ዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሀ. ስለ ቦታ አመራረጥ

የአካባቢው መሬት ተዳፋትነት ያለው በመሆኑ በብዙ ወጪ ከመደልደል ይልቅ ተዳፋቱን መጠቀም ይሻላል። መድረኩ ከተዳፋቱ ግርጌ ቢሠራና ሁለት ፊት ቢኖረው፣ አንደኛው ፊት ወደ ተዳፋቱ፣ ሁለተኛው ወደ አዳራሹ ይከፈታል። ዝናብ በሚቀንስባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት መላው ት/ቤት በተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ ትርኢቱን ማየት ይችላል። ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ መሠረቱን እንዳይጎዳ ግን ከመድረኩ በላይ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር አለበት። ልምምዱ ትምህርት እንዳያውክ ከመማሪያ ክፍሎች መራቅ፣ ወላጆችም እንዲገለገሉበት ለግቢው በር መቅረብ ይኖርበታል።

ለ. ስለ መስማት

በጅማ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይደርሳል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የሕፃን ድምፅ ቀርቶ የመምህሩም አይሰማም። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ከመጋረጃና ከመድረክ መብራት በፊት ኮርኒስ ይቅደም። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ክፍተት መተው፣ ቢቻልም ከኮርኒሱ በላይ ድምፅ የሚያፍን ነገር መደልደል ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር የድምፅ ማስተጋባት ነው። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያሻሽል ተጠየቀ። በባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከ5 ሰኮንድ በላይ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስመጣ ልዩነቱን ለካ። በጥናቱም ድምፅ የሚቆይበት ጊዜ ክፍሉ በሰፋ መጠን እንደሚጨምር፣ ድምፅ የሚመጥጡ ነገሮች በበዙ መጠን ደግሞ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ለንግግር ተስማሚው 1 ሰኮንድ ያህል ነው። በመሆኑም ሲሚንቶ በበዛበት አዳራሽ የኋለኛውን ግድግዳ፣ ትንሽ ክፍተት ትቶ፣ በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ይጠቅማል።

ሐ. ስለ መጠንና ስለ መድረኩ ቅርጽ

ለ200 ተማሪዎች 10 ሜትር ወርድ፣ 18 ሜትር ርዝመትና 4.5 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ በቂ ነው። ከርዝመቱ 5 ሜትር ለመድረክ ሲሰጥ የመጨረሻው ረድፍ ከመድረኩ ጠርዝ ከ13 ሜትር ስለማይርቅ የተዋናዩ ፊት በደንብ ይታያል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰውም ይዘት 4 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ወለሉ ደልዳላ፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ተንቀሳቃሽ ከሆኑ አዳራሹ በሌላው ጊዜ ለማስተማሪያ ይውላል። በሮቹ ከሁለት ያላነሱና ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ።

በአካባቢው የሚዘወተረው መንዙማ አውጪና ተቀባይ አለው፤ ጌረርሳም በሕዝብ መካከል የሚባል ነው። በእነዚህ ጥበባት ተመልካቹ የሥራው ተካፋይ ስለሆነ፣ ከመድረኩ ወደ ተመልካቹ የሚያወርድ ሰፊ ደረጃ በንድፉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

መ. ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

ሁሉም በአንድ ዓመት መፈጸም የለበትም። በመጀመሪያው ደረጃ ጣሪያ ያለው መድረክና የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ተሠርተው በተዳፋቱ በኩል አገልግሎት ይጀምራሉ፤ አዳራሹ በሁለተኛው ደረጃ ይከተላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወላጆችና ልጆች በቡና ለቀማ ስለሚጠመዱ፣ ግንባታውም ሆነ ዋናው ልምምድ ከጥር ወዲህ ቢሆን ይመረጣል።

ንድፉ ለጽሕፈት ቤት ከመቅረቡ በፊት መምህራኑ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ፈተና አለ። አንድ ተማሪ በታሰበው መድረክ ቦታ ቆሞ ያልተለመደ ጽሑፍ ያንብብ፤ በ13 ሜትር ርቀት የተቀመጡት ደግሞ የሰሙትን ይጻፉ። ሕንፃው ካለቀ በኋላም ይኸው ፈተና ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ይደገም። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የሚታየው ልዩነት ቀሪው ገንዘብ በምን ላይ መዋል እንዳለበት ያመለክታል።