በዘይት የሚነሣ እርፍ

ይጁቤ ዙሪያ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ እርፍ የያዘበትን እጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እጁ ላላ ይላል። ድንበር ላይ ሲደርስ እርፉን ብድግ አድርጎ በሬዎቹን ያዞራል። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ዘንበል አድርጎ አፈሩን በስሱ ይልሳል እንጂ ካቡን አይነካም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አያስብበትም፤ እጁ ያውቀዋል።

ትራክተር ሲመጣ ያ እጅ ይቀራል። ከኋላው የሚጎተተው መዝሪያ ሦስት ሜትር ስፋት ካለው፣ ሦስቱም ሜትር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። ድንበሩ ሰያፍ ከሆነ ኦፕሬተሩ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ቶሎ አንሥቶ ጥጉን ሳይዘራ መተው፣ ወይም ዘግይቶ አንሥቶ የጎረቤት ማሳና የእርከን ካብ ውስጥ መግባት። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ለዚህ ችግር የተበጀውን መፍትሔ ነው፤ መሣሪያውን ክፍል በክፍል የሚያነሣና የሚያወርድ የሃይድሮሊክ ቫልቭ።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ደጋው ቢሆን በእርከን፣ በጎርፍ ቦይና በድንበር የተከፋፈለ ነው። ከአራት ማዕዘኑ ማሳ ይልቅ ሦስት ማዕዘኑና ጎባጣው ይበዛል። ስለዚህ የጥጉ ችግር የሰፊ እርሻ ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ማሳ ሲያንስ ጥጉ ከመሐሉ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ ጥግ የሚያድን መሣሪያም ይበልጥ የሚጠቅመው እዚያ ነው።

እስቲ እናስላው። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መዝሪያ በ45 ዲግሪ የሚያቋርጥ ድንበር ላይ ሲደርስ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ሦስት ሜትር ቀድሞ ድንበሩን ይነካል። መሣሪያው አንድ ላይ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ድንበሩን በነካ ቁጥር 4.5 ካሬ ሜትር ሦስት ማዕዘን ይበላሻል። መዝሪያው አንድ አንድ ሜትር ወደሆኑ ሦስት ክፍሎች ቢከፈልና እያንዳንዱ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ለብቻው ቢነሣ፣ የሚበላሹት እያንዳንዳቸው ግማሽ ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፤ በድምሩ 1.5። ብክነቱ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው።

ዘይቱና የውኃ አባቱ

ሃይድሮሊክ የሚሠራው በዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ሲጫኑት አይጨመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ በኩል የተሰጠው ግፊት በሌላው በኩል ይደርሳል። ሕጉን በ17ኛው መቶ ዘመን ያስረዳው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ደግሞ ከእኛ በፊት መቶ ዓመት ግድም ደክሞበት፣ የእርሻ መሣሪያን ከትራክተር ጀርባ በሦስት ክንድ አያይዞ በሃይድሮሊክ ማንሣትን ለዓለም አስለመደ። ዛሬ በጎጃም መንገድ የሚያልፉት ትራክተሮች ጀርባቸው ላይ የተሸከሙት የእርሱን ሐሳብ ነው።

አሠራሩን በመስኖ ማሰብ ይቀላል። ፓምፑ ምንጭ ነው፤ ቱቦው ቦይ፤ ሲሊንደሩ ውኃ የሚጠብቅ መደብ። ቫልቩ የውኃ አባት ነው፤ ዘይቱ ዛሬ ለማን እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚመለስ የሚወስን። ቦይ ላይ ውኃ ወደ ዝቅታው እንደሚሮጥ ሁሉ ዘይትም ቀላሉን ሸክም ይመርጣል። ሦስት ሲሊንደሮች በአንድ ቱቦ ላይ ያለ ዳኛ ቢገጠሙ ቀላሉ ቀድሞ ይነሣል፣ ዘር የሞላው መጨረሻ ይቀራል። ቫልቭ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ንድፉ

መጀመሪያ ትራክተሩን ማወቅ ይገባል። ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክፍት መሐል ይባላል፤ ማንሻው ካልተነካ ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ ያለ ሥራ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ትራክተር የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ዝግ መሐል ነው፤ ሥራ ከሌለ ዘይቱ ባለበት ይጠብቃል። ለዝግ መሐል የተሠራ ቫልቭ ሳይታሰብበት በክፍት መሐል ትራክተር ላይ ከተገጠመ፣ ዘይቱ መመለሻ ያጣና በማስተንፈሻው ቫልቭ እየጮኸ ይወጣል። ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ይሆናል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ፓምፑም ዕድሜው ያጥራል።

ለክፍት መሐል ትራክተር የሚስማማው ቀላሉ ንድፍ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለውን ኦፕሬተሩ በትራክተሩ ማንሻ ይወስናል። የትኛው ክፍል የሚለውን ደግሞ ሦስት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ሶሌኖይድ ቫልቮች ይወስናሉ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ። የአንዱ ክፍል ቁልፍ ሲጫን ከብረቱ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የዚያ ክፍል በር ተከፈተ ማለት ነው። ማንሻው ሲለቀቅ ወደ መሐሉ ይመለሳል፣ ዘይቱም እንደ ልማዱ ይዞራል። የዚህ ንድፍ ጉድለት አንዱን እያነሡ በዚያው ቅጽበት ሌላውን ማውረድ አለመቻሉ ነው። ድንበር ላይ ግን ሁሉም በተራ ስለሚነሡ ወይም በተራ ስለሚወርዱ ይህ ብዙ አያስፈልግም።

ከዚያ ጉልበቱ ይሰላል። ውስጠ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሦስት ቶን ያህል ይገፋል። የማንሻ ክንዱ አቀማመጥ ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ቢበላበት እንኳ አንድ ቶን ይተርፋል፤ ዘር ለሞላ የአንድ ሜትር ክፍል ይበቃል።

ፍጥነቱም የዚያን ያህል ይመዘናል። ሲሊንደሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ የሚጠጣው ዘይት 0.4 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 40 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይህን በ0.6 ሴኮንድ ይሞላዋል። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትራክተር በዚህ ጊዜ 80 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል። ሦስቱን አብሮ ለማንሣት ግን 1.8 ሴኮንድ ያልፋል፤ ትራክተሩም ሁለት ሜትር ተኩል ሄዷል። አንድ ጥማድ ማሳ፣ ማለትም 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር፣ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ሳይዘራ ቢቀር የጠፋው 250 ካሬ ሜትር ነው። ከአሥር አንዱ! የቱቦ ውፍረትና የፓምፕ አቅም የገበሬው ጎተራ ጉዳይ የሚሆኑት በዚህ ነው።

የተነሣ ክፍል ተነሥቶ መቆየትም አለበት። ተንሸራታች ዘንግ ያለው ተራ ቫልቭ ጥቂት ዘይት ማሳለፉ አይቀርም፤ መሣሪያው በጉዞ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ እንደ ክዳን ገጥሞ የሚዘጋ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ዘይት የሚያግድ ሶሌኖይድ ይመረጣል። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ በቫልቭ ብቻ አይታመንም፤ የብረት ፒን ይገባበታል። ከባዱ ክፍል ሲወርድ እንዳይወድቅም በመውረጃው በኩል ብቻ ዘይቱን የሚያጠብ ማነቂያ ይገጠማል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። 20 ዋት የሚወስድ የ12 ቮልት ሶሌኖይድ ሁለት አምፔር አይሞላም፤ ሦስቱ አብረው አምስት ግድም ይወስዳሉ። ፊውዝና ውኃ የማያስገባ ሶኬት ግን የግድ ነው። የሐምሌ ጭቃ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

የዘይቱ ጠላት

ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ የሚያደርገው አቧራ ነው። በተንሸራታች ቫልቭ ዘንግና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ያንሳል። ቱቦው ተፈትቶ መሬት ላይ ሲጣል አፉ ላይ የቀረችው የአፈር ቅንጣት ለዚያ ክፍተት ቋጥኝ ናት። ሲፈታ ክዳኑን መክደን፣ ከመግጠም በፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥ፤ የቫልቭ ዕድሜ ያለው በእነዚህ ሦስት ልማዶች ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው የሰው ነገር ነው። በግፊት ላይ ያለ ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ ቢያፈስ በእጅ እየዳሰሱ ቦታውን መፈለግ አይገባም። ዘይቱ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅን ሊያሳጣ ስለሚችል ሰዓት ሳያጠፉ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው። ቱቦ ከመፍታት በፊትም መሣሪያውን መሬት ማስቀመጥ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከዚያ የሶሌኖይዶቹን በር ከፍቶ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ በማድረግ የታመቀውን ግፊት ማስወጣት ነው።

ይህን መሣሪያ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ ብረት ከመቁረጡ በፊት አንድ ቀን ይጁቤ ወርዶ ከአንድ ገበሬ ጋር ማሳውን ይዙር። ገበሬው እርፉን የሚያነሣበትን ቦታ ሁሉ በእንጨት ምልክት ያድርግለት፤ ድንበሩን፣ ካቡን፣ የቦዩን አፍ፣ ድንጋዩን። ወጣቱ በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። የክፍሎቹ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ስፋት፣ ቫልቩ ሊከፈትበት የሚገባው ፍጥነት ከዚያ ልኬት ይወጣል።