አዳኝ ዓሣን በሰፊ ውሃ ላይ ስለ ማጥመድ

ባምባሲ የማሽላና የበቆሎ አገር ናት፤ ነገር ግን በአጠገቧ የሚወርደው የዳቡስ ወንዝ ሄዶ ከዓባይ ስለሚገናኝ የዓሣ ነገር ለሹማምንቷ እንግዳ አይደለም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ሐይቅ በክልሉ ተገኝቷል። በወንዝ ዳር ቆሞ ማጥመድን የለመደ ሰው በሰፊ ውሃ ላይ ሲወጣ ሌላ ዕውቀት ያስፈልገዋልና፥ ይህን መግለጽ ተገቢ ሆነ።

ሌላውን ዓሣ እየበሉ ከሚኖሩት ትልቁ ናይል ፐርች ነው። በባሮ፥ በዓባያ፥ በጫሞና በታችኛው ዓባይ ይታወቃል፤ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሲመሽና ሲነጋ ለአደን ይነሣል። የነብር ዓሣ የሚባለው ደግሞ ፈጣን ሲሆን ጥርሱ እጅግ ስለታም ነው። አምባዛ ግን በሌሊት ከውሃው ወለል አጠገብ እየዞረ ይመገባል።

መሣሪያውም እንደ ዓሣው ጠባይ ይለያያል። የተዘረጋ መረብ የሚይዘው በቀዳዳው ስፋት ልክ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ጫጩቱን ሁሉ ይፈጃል፥ ሰፊው ግን ትልቁን ይዞ ታናሹን ያሳልፋል። የቀዳዳው ልክ የሚታወቀው መረቡን ወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በመለካት ነው። አምባዛን ለመያዝ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ረጅም ገመድ ማታ ጥሎ ንጋት ላይ ማንሣት ይበቃል። ናይል ፐርችን በሕይወት ባለ ትንሽ ዓሣ ማማለል ወይም የዓሣ አምሳያ ከጀልባ በኋላ ቀስ ብሎ እየጎተቱ መሳብ ይቻላል። ለነብር ዓሣ ግን ከመንጠቆው በላይ ቀጭን ሽቦ ካልታሰረ ገመዱ ወዲያው ይቆረጣል።

በአዲስ ሐይቅ ውስጥ የሰመጡ ዛፎች አሉ፤ መረብን ይይዛሉ። ተቀዶ የቀረ የናይሎን መረብም አይበሰብስምና ባለቤቱ ከተወው በኋላ ዓሣ መግደሉን አይተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ መረብ የባለቤቱ ምልክት ይኑረው፥ የጠፋውም ይፈለግ። ነፋስ በተነሣ ጊዜ በትንሽ ታንኳ ወደ መካከል መውጣት፥ ጉማሬና አዞ ባለበትም በጨለማ መቅዘፍ ሕይወትን ያስከፍላል፤ የመንሳፈፊያ ልብስ የሌለው ሰው አይሳፈር።

ሁሉን የሚያስረዳ ምሳሌ ከጣና እናገኛለን። ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገቡ በኋላ፥ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ የሚወጣው ዓሣ በወንዞቹ አፍ ሳለ በመረብ ተጠመደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቁጥሩ እጅግ አነሰ። ወላጁ ሳይወልድ ከተያዘ ልጁ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ሹም የሆነ ሁሉ ይህን ያስብ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በየጽሕፈት ቤቱ ይነበብ፤ የመረቡ ቀዳዳ በገበያና በመውረጃው ይለካ፤ በክረምት የወንዞች አፍ ይጠበቅ። አዳኝ ዓሣን ከውሃ ወደ ውሃ በሕይወት ማዛወርም ሳይመረመር አይፈቀድ፤ ናይል ፐርች በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገብቶ የአገሩን ዓሣ እንዴት እንዳጠፋ ይታወቃልና። ሐይቁ እንደ ጎተራ ነው፤ ዘሩን የሚበላ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው አያገኝም።