ማንኪያው፣ ሰዓቱና ሻዩ

ትኩሳት የያዘው ልጇን አዝላ ከአያሃ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት እናስብ። አያሃ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ዳርቻ፣ ከስደት የተመለሱና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች የሰፈሩበት ነው። ልጁ 10 ኪሎ ይመዝናል። ነርሷ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ትሰጣትና «አንድ ማንኪያ፣ በየስድስት ሰዓቱ» ትላታለች። እናትየው አመስግና ትሄዳለች። ማዘዣው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱም ትክክል ነው። ያልታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እቤት ስትደርስ የምታነሳው ማንኪያ የትኛው ነው?

ለሕፃናት ፓራሲታሞል የሚሰላው በክብደት ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ስለሚታሰብ፣ ለዚህ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይበቃዋል። በብዙ ቦታ የሚገኘው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ይይዛል፤ 5 ሚሊሊትር ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ልክክ አለ ማለት ነው። እናትየው የሾርባ ማንኪያ ካነሳች ግን 15 ሚሊሊትር ገደማ ትቀዳለች፤ 360 ሚሊግራም። ሽሮፑ አልቆባት ከጎረቤት በጠብታ የሚሰጠውን ዓይነት ከተዋሰች ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እሱ በአንዱ ሚሊሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ሊይዝ ስለሚችል፣ ያው የሻይ ማንኪያ 500 ሚሊግራም ይሆናል። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል የሚጎዳው ጉበትን ነው፤ ጉዳቱም ቶሎ አይታይም። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል።

እንዲህ ያለው ስህተት የድሃ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመድኃኒት አጠቃቀም ስህተት የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ ስህተቱ በየዓመቱ 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ ስህተት የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ እሱም ነርሷ ናት። በ1988 በቦምብ በፈራረሰችው ሐርጌሳ፣ በእንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት የተማሩት ኤድና አዳን ኢስማኢል በጡረታ ገንዘባቸውና ንብረታቸውን ሸጠው ባገኙት ገንዘብ የወሊድ ሆስፒታል ገነቡ። በ2002 የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ነርሶችንና አዋላጆችንም ያሠለጥናል። በዚያው ዓመት፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት ደም ግፊት በጠናባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚመጣውን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽን ያቆማል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ የወሊድ ሆስፒታል ነርሷ ከመስጠቷ በፊት ታካሚዋን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የሚሰጥበትን መንገድና ሰዓቱን አንድ በአንድ ታረጋግጣለች። ቀጣዩን መጠን ከመጨመሯ በፊትም የእናትየውን ጉልበት በትንሿ መዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መልስ መስጠቱን ታያለች። ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን ትቆጥራለች፤ ሽንቷን ትለካለች። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ከአጠገቧ አይርቅም።

እቤት ግን ማን አለ? ጉልበት የሚመታ፣ ትንፋሽ የሚቆጥር የለም። ታካሚው ከበሩ ሲወጣ ዘበኝነቱም ከነርሷ ወደ እሱ ይሻገራል። ስለዚህ መድኃኒቱን ማስረዳት፣ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ በጎነት ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው።

ማስረዳት ሲባል ግን ፋርማኮሎጂን ሁሉ ማስተማር አይደለም። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ትእዛዙን ይጠብቃል። «ለምን በቀን ሦስት ጊዜ?» ብሎ ለሚጠይቅ ታካሚ የሚያፈስ እንስራን ማስታወስ ይበቃል። አሞክሲሲሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ደም ውስጥ ከገባ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ግማሹ ይወጣል፤ አብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። በሚቀጥለው ሰዓት የቀረው ግማሽ፣ ቀጥሎ የዚያም ግማሽ ይሄዳል። እንስራው እንዳይደርቅ በየስምንት ሰዓቱ መሞላት አለበት። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ግን ግማሹ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚወስድ በቀን አንዴ ይበቃል። በረመዳን ለሚጾምም ሆነ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ከማቆም ወይም ሦስቱን ፍሬ ማታ አንድ ላይ ከመዋጥ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ምትክ እንዳለ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሐርጌሳ ውስጥ ሠርተው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ነርሷ «በ8 ሰዓት» ስትል ጠዋት ማለቷ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በልማዱ የሰማ ሰው መድኃኒቱን ከምሳ በኋላ ይውጣል። የመድኃኒቱ አገልግሎት የሚያበቃበት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ በካርቶኑ ላይ «06/2025» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ሰዓትን ከቁጥር ይልቅ ከሚታወቅ ነገር ጋር ማሰር ይሻላል፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት፣ ከንጋት ሶላት በኋላ።

ከዚያ ሻዩ ይመጣል። የሐርጌሳ ሻይ ወተት ይገባበታል። ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን በዚያ ሻይ የምትውጥ ነፍሰ ጡር ከብረቱ ብዙውን ታጣዋለች፤ ሻዩም ወተቱም ብረት በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታልና። በሁለቱ መካከል የሁለት ሰዓት ልዩነት ከተደረገ ግን ክኒኑም ሻዩም ቦታቸውን ያገኛሉ። የግመልም ሆነ የላም ወተት ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉትን ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቶችም በካልሲየሙ አስሮ ያስቀራቸዋል። ከሐረርጌ በየቀኑ በመኪና ወደ ሐርጌሳ የሚገባው ጫትስ? በ1997 የታተመ የየመን ጥናት፣ ጫት አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ፣ አሞክሲሲሊንንም በጥቂቱ እንደሚነካ አሳይቷል፤ ጫት ከተቃመ ከሁለት ሰዓት በኋላ መድኃኒቶቹን መውሰድ እንደሚሻልም መክሯል። ነገር ግን ይህን ለማወቅ ታካሚው መቃሙን መናገር አለበት፤ እንዲናገር ደግሞ የሚጠይቀው ፊት የማይቆጣ መሆን አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚቆጣ ጠያቂ ካለ ግን ብዙ ሰው መደበቁ አይቀርም።

ታዲያ ነርሷ መልእክቷ መድረሱን በምን ታውቃለች? «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ሲስተር ስትጠይቅ «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍረው ብዙ ነው፤ ወረፋውም ከኋላ ይገፋል። የሚሠራው ዘዴ መልሶ ማስነገር፣ ማለትም ታካሚው የሰማውን በራሱ ቃል እንዲናገር ወይም እንዲያሳይ ማድረግ ነው፤ ፈተናውም ለታካሚው ሳይሆን ለአስረጂው ነው። የተሳሳተ መልስ ከመጣ ነርሷ በሌላ ቃል ደግማ ታስረዳለች እንጂ አትወቅስም።

ወደ አያሃዋ እናት እንመለስ። በዚህ ጊዜ ነርሷ ጠርሙሱን ከመስጠቷ በፊት መለኪያ ሲሪንጅ ታወጣና 5 ሚሊሊትር ላይ በእስክሪብቶ ታሰምርበታለች። «ሆዮ» ትላታለች፣ በሶማልኛ እናት ማለት ነው፤ «በደንብ ማስረዳቴን ልወቅ። እቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ።» እናትየው ሽሮፑን እስከ መስመሩ ትስባለች። «አሁን አንድ። ቀጥሎ የከሰዓቱ ሶላት እንዳለቀ። በቀንና በሌሊት ከአራት ጊዜ አላሳልፍም» ትላለች። ትንሽ ታስብና ደግሞ ትጠይቃለች፦ «ጎረቤቴ ጋር ያለው በጠብታ የሚሰጠው ነው። እሱንስ በዚሁ ልለካው?»

ነርሷ «አይሆንም» በማለት ራሷን ትነቀንቃለች። ልጁን ሊያድነው የሚችለው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የመጣውም ንግግሩ ለሁለት ደቂቃ ስለተራዘመ ነው።