እንቅርትና የደም ምርመራ፦ ሐኪሙን እንዴት እንጠይቅ?

በደጋው የአገራችን ክፍል እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በአንገት ላይ መነቀስ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር የብዙ አሮጊቶች አንገት ላይ ንቅሳት እናያለን። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ነገር በመሆኑ እንቅርትን እንደ መልክ እንጂ እንደ ሕመም የማንቆጥር ብዙዎች ነን። በፕሮጀክት ጣቢያዎች የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም የታመሙትን የምትጎበኙ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት፣ አንድ ነገር እንድትረዱ ያስፈልጋል። ይኸውም እብጠቱ ከውጭ ቢታይም የእጢው ሥራ ግን ከውጭ አይታይም። ትልቅ እንቅርት ያለባት ሴት ደምዋ ቢመረመር ደኅና ሆና ልትገኝ ትችላለች፤ አንገትዋ ምንም ያልሆነ ሌላዋ ደግሞ በጽኑ ልትታመም ትችላለች። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ታይሮይድ የሚባለው እጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች ይገኛል። ሰውነታችን ምግብን ወደ ሙቀትና ወደ ጉልበት የሚለውጥበትን ፍጥነት የሚወስነው ሆርሞን የሚሠራው በዚህ እጢ ነው፤ ለዚህም ሥራው አዮዲን ያስፈልገዋል። በደጋው አገር ዝናብ ለብዙ ዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑን ስለ ወሰደው በእህሉም በውኃውም ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨው ላይ ይጨመራል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ብዙው ጨው አዮዲን ተጨምሮበት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና መንገዱ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፋር፣ በተለይም ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ ይህም አዮዲን የሌለው ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየሱቁ የሚሸጠው ሁሉ በቂ አዮዲን ይዟል ማለት አይደለም።

እጢው ሥራው ሲደክም ሰውዬው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ሳይበላ ይወፍራል፤ ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ይበዛል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ቀስ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜም በዓመታት ውስጥ ስለሆነ ቤተ ሰዎችዋ «ሰነፈች» ይሏታል። እጢው ሥራ ሲያበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ አንዳንዴም ዓይን ይጎለጉላል። እንዲህ ያለችውን ሴት «ቡዳ በላት» ወይም «መንፈስ ያዛት» ብለው ወደ ጸሎት ቤት የሚያመጡ አሉ። መጸለይ ተገቢ ነው። ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ከሐዋርያው መልእክት እናውቃለንና፣ ከጸሎቱ ጋር ወደ ክሊኒክ መውሰድ የእምነት ጉድለት ሊባል አይገባም።

ምርመራው ምን እንደሚለካ በምሳሌ እንናገር። ታይሮይድን እንደ ቀን ሠራተኛ፣ ከአንጎል በታች ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ደግሞ እንደ ካቦ አድርገን እንቁጠር። ሠራተኛው ሲለግም ካቦው አብዝቶ ይጮኻል፤ ሠራተኛው ከልክ በላይ ሲሠራ ካቦው ዝም ይላል። ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ምርመራ የሚለካው የካቦውን ጩኸት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች ጤናማ የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ከበለጠ እጢው ደክሟል፤ በጣም ካነሰ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ቲ-4 የሚባለውን ሆርሞን ራሱን ያስለካል። በመጀመሪያ ሦስትና አራት ዓይነት ምርመራ በአንድ ጊዜ መግዛት ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

ታዲያ ሐኪሞች ለምን ቶሎ አያዝዙም? ድካምና ብርድ ብርድ ማለት በደም ማነስም፣ በኀዘንም፣ በሌላ ብዙ በሽታም ይመጣል። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ምርመራውን ራሳቸው አይሠሩም፤ ደሙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላቦራቶሪ መላክ አለበት፣ ዋጋውም ለገበሬ ቤት ቀላል አይደለም። በሌላ ከባድ በሽታ ተይዞ የተኛ ሰው ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችልም ሐኪሙ እስኪያገግም መቆየትን ይመርጣል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ በእኔ አስተያየት ትልቁም ይህ ነው። የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «አሞኛል» ብሎ ዝም ይላል፤ የተባለውን ሁሉ «እሺ» ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ ያልሰማውን ሊጠረጥር አይችልም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ። ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው? ከወሊድ በኋላ ነውን? በቤተ ሰቡ እንቅርት ወይም የታይሮይድ በሽታ ያለበት አለን? ክብደቱ ባለፈው ስንት ነበር፣ አሁንስ? የፕሮጀክቱ ጤና ሠራተኛ ሕመምተኛው ዐርፎ ሳለ የልብ ምቱን በደቂቃ ቆጥሮ ይጻፍ። «ምርመራውን እዘዝልኝ» ከማለት ይልቅ «ዶክተር፣ ይህ ነገር ከታይሮይድ ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አይደለም ካሉ «ታዲያ ምን ይመስልዎታል? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?» በሉ፤ መልሱም በካርዱ ላይ እንዲጻፍ በትሕትና ለምኑ። ምርመራው እዚያ ከሌለ ሪፈር ወረቀት ጠይቁ። ለመጓጓዣና ለላቦራቶሪ የሚሆነውን ማኅበረ ምዕመናን ማዋጣት ቢችል ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ውጤቱን የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን አንዱ ስለሆነ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይንገር። መድኃኒት የጀመረ ወይም መጠኑ የተለወጠለት ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ቢመረመር ቁጥሩ ገና ስላልረጋ ትርጉሙ ጥቂት ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር እንምጣ። መድኃኒት ከጀመሩት መካከል በጸሎት ተፈውሰናል ብለው በራሳቸው የሚያቆሙ አሉ። የደከመ እጢ ያላት ሴት ኪኒኗን ብታቆም ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቀንሰው በየሳምንቱ በግማሽ ገደማ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ደኅና ትሆናለች፤ ምስክርነትም ትሰጣለች። ከአንድና ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ግን «እምነትሽ ጎደለ» ተብላ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንባታል። እጢው ሥራ ያበዛበት ሰው ሲያቆም ልቡ እስኪደክም ሊደርስ ይችላል። እግዚአብሔር የፈወሰው ሰው ምርመራ አያሳፍረውም፤ ስለዚህ መጋቢዎች «አስቀድመሽ ተመርመሪ፣ የሚያስቆምሽም ሐኪሙ ይሁን» ብለው ይምከሩ። ሥራ ላበዛው እጢ የሚሰጠውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢይዘው ግን ሳይዘገይ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሄዶ ነጭ የደም ሴሉን ያስቆጥር።

ነፍሰ ጡሮችን በተለይ አስቡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። እንቅርት ያለባት ወይም ቀድሞ የታከመች እናት ይህን በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ትናገር፣ መድኃኒቷንም አታቋርጥ፤ መጠኑ ሊጨመርላት ስለሚችል ቶሎ መመርመር ይገባታል። የደከመ እጢ መድኃኒት የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቡናና ከቁርስ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጣት የብረት ኪኒን መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክል በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ይሁን። የውጤቱንም ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ታስቀምጥ፤ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃት እርሱን ነው።