ለዘር የሚቀመጠው ነጭ ሽንኩርት

ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ቁሌት የለም፤ ድልህም ያለ እሱ ድልህ አይባልም። ስለ ጥቅሙ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ዘሩ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የዚህ አትክልት ነገር ሁሉ ያለው ዘሩ ላይ ነው እላለሁ።

በዝናብ የሚለማው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይተከላል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ተነቅሎ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ይህን አብቃዩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ ቢሾፍቱ ነጭ፣ ፀደይ 92 እና ኩሪፍቱ ያሉ ዝርያዎች አሉ። ገበሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ ያገኘውን ቀላቅሎ ይተክላል፣ ቀላቅሎም ይሸጣል። ይህ ያናድደኛል። ምግብ ቤት ቶሎ የሚላጥ ትልቅ ፍልቃቂ ይፈልጋል፤ ለቤቷ የምትገዛ እናት ደግሞ ሽታው የሚበረታውን ትንሹን የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት ትመርጣለች። ለየብቻ ያመረተ ለሁለቱም በየፊናቸው ይሸጣል።

የሚተከለው ፍልቃቂው ራሱ ስለሆነ ዘር ብዙ ይፈጃል። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ከተተወ ሩብ ሄክታር ከ80 ሺህ በላይ ፍልቃቂ ይወስዳል። ዘሩ ውድ ነው ብሎ ትልቅ ትልቁን ሸጦ ኮስማናውን የሚተክል አለ። ትንሽ ፍልቃቂ ትንሽ ራስ ነው የሚሰጠው፤ በየዓመቱ እንዲህ ያደረገ ምርቱ ቢወርድበት አፈሩን አይውቀስ።

ከዘሩ ጋር የሚመጣው ትልቁ ጣጣ ግን ነጭ አበስብስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። አንድ ማሳ ላይ ቅጠሉ ያለ ጊዜው የወየበ ተክል ስነቅል ያለ ምንም ጉልበት ወጣልኝ፤ ሥሩ አልቋል። ኮረቱ ሥር ነጭ ሻጋታ፣ ሻጋታው ላይ ከጤፍ ቅንጣት የሚያንሱ ጥቁር እንክብሎች ነበሩ። ባለማሳው «ሁለት ዓመት ስንዴ ዘርቼ እመለስበታለሁ» አለኝ።

ብዙ ሰው እንደ እሱ ያስባል፣ ማፈራረቅ ለሌላው በሽታ ይረዳልና። ለዚህ ግን ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። እነዚያ እንክብሎች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ስንዴ ቢዘራ፣ ባቄላ ቢዘራ አይነቁም። የሚቀሰቅሳቸው የነጭ ሽንኩርት፣ የቀይ ሽንኩርትና የዘመዶቻቸው ሥር የሚያወጣው ድኝ አዘል ንጥረ ነገር ነው። እኛ ለወጣችን የምንወደው ሽታ፣ ለፈንገሱ ምግብ መድረሱን የሚነግረው ምልክት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ይዘው፣ ተክል በሌለበት ማሳ የነጭ ሽንኩርት ዘይት አፈር ውስጥ በመጨመር ፈንገሱን ያለ ጊዜው ቀስቅሰው በረሃብ ለመግደል ሞክረዋል፤ የእንክብሎቹንም ብዛት በእጅጉ መቀነስ ተችሏል። ፈጽሞ ማጥፋት ግን ከባድ ነው፤ የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ይራባሉ። ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አፈር ስለሚስማማው ደግሞ ደጋችን ይመቸዋል።

ስለዚህ የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉት እንጂ ፍግ ላይ አትጣሉት። ከታመመ ማሳ የወጣ ዶማና ጫማ ሳይታጠብ ሌላ ማሳ አይግባ። ዘር ስትገዙም የራሱን መጠን ብቻ አትዩ፤ ገልብጡና መቀመጫውን ተመልከቱ። ጥቁር እንክብል ካያችሁ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ።