የአሮጌ ሞተር ሳይክል ብሎን ስንት ይችላል?

አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲፈታ የሚሰበር ዕቃ ብዙም አያስደነግጥም። ሃምሳ ዓመት ዝገት ሲበላው የኖረ ብሎን ቢቆረጥ ማንም አይገረምም፤ ባለቤቱም ልቡን አዘጋጅቶ ነው ሥራውን የሚጀምረው። የሚያንገበግበው ሲገጠም የሚሰበረው ነው። ሞተሩ ታጥቧል፣ ክዳኑ ተወልውሎ ያበራል፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው። የመጨረሻዋ ብሎን ላይ «ትንሽ ልጨምርላት» ተብሎ ቁልፉ ሲገፋ፣ ጠበቅ ብላ የነበረችው ብሎን ድንገት ትላላለች። ከዚያ በኋላ ቢያዞሯት ቢያዞሯት አትይዝም። ብሎኗ ምንም አልሆነችም፤ የተበላው በሞተሩ አካል ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጥርስ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1968 እስከ 1973 የተመረተውን ሆንዳ ሲቢ 350 እንውሰድ። ዛሬ በየአገሩ በፍቅር ከሚታደሱት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች አንዱ ነው። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ሲሆን የጎን ክዳኖቹ የሚታሰሩት በ6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ነው። ብሎን በየሱቁ ሞልቷል። የሞተሩ አካል ግን መመረቱ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አንድ የብሎን ማሰሪያ ጆሮ ከተሰበረ ወይ በብየዳ ማዳን፣ ወይ ሌላ ሞተር ፈልጎ ማረድ ነው።

ይህን ጉዳት የሚያደርሱት ግድ የለሾች ብቻ ቢሆኑ ምክሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን «ዘይት እንዳያፈስ፣ መንገድ ላይ እንዳይፈታ» ብለው የሚጠነቀቁ ሰዎችም በብዛት ይሰብራሉ። የችግሩ ሥር እጃችን ላይ የሚሰማን ኃይልና ብሎኑ ውስጥ ያለው ኃይል የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ብሎን የሚይዘው ስለተጣበቀ ሳይሆን ስለተለጠጠ ነው። ራሱ ክዳኑ ላይ አርፎ፣ ጥርሱ ታች አሉሚኒየሙን ጨብጦ ሲዞር በመካከል ያለው ዘንግ ይሳባል። የተሳበው ዘንግ ወደ ቦታው ለመመለስ ስለሚታገል ክዳኑንና ሞተሩን አንድ ላይ ይጨምቃል። ማለትም እያንዳንዱ ብሎን ጠንካራ ሞላ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ሞላ ያስረዳው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር መለጠጡም በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ኃይሉ ሲለቀቅ ደግሞ ብረቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ግን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው። ወሰኑ ሲታለፍ ብረቱ እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል።

መለጠጡ ምን ያህል ነው? ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለበት የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ10 ኒውተን ሜትር የማዞሪያ ኃይል ቢጠብቅና የሚለጠጠው ዘንግ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚለጠጠው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች መለጠጥ ብቻ የስምንት ኩንታል ተኩል ያህል ጭነት ተሸክሞ ይቆማል። የመለጠጥ ወሰኑ 13 ኩንታል አካባቢ ነው። በሚበቃውና በሚያበላሸው መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኒውተን ሜትር ለማድረስ፣ ማለትም ከሚፈለገው እጥፍ ለማጥበቅ፣ የሚያስፈልገው የ10 ኪሎ ግፊት ነው። ግማሹ ውሃ የሆነ የ20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ማንሳት ማለት ነው፤ ማንም ሰው ሳይደክመው ያደርገዋል።

እጅን የሚያታልለው ሰበቃ ነው። ቁልፉን ስንገፋ ከምናወጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ ይበላል። ሌላ አርባ በመቶ ገደማ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ ያልቃል። ዘንጉን ለመለጠጥ የሚተርፈው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። እጃችን የሚሰማው ድምሩን ስለሆነ፣ የዛገ ብሎን ገና ሳይለጠጥ «ጠብቋል» ያሰኛል፤ የተቀባ ብሎን ደግሞ ወሰኑን አልፎ ሳለ «ገና ነው» ያሰኛል።

ቶርክ ሬንች የያዘ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። መሣሪያው የሚለካው ያንኑ ድምር ነውና። ያው የ10 ኒውተን ሜትር ልክ በደረቅ ብሎን ላይ ስምንት ኩንታል ተኩል ቢሰጥ፣ ዘይት በነካው ላይ 11 ኩንታል አካባቢ ይደርሳል። እንደ መዳብ ግሪስ ያለ ጥሩ ማለስለሻ የተቀባው ላይ ግን 14 ኩንታል ሊጠጋ ይችላል፤ ወሰኑ 13 መሆኑን አንርሳ። እድሳት ላይ ያለ ሰው ለነገው መፍታት አስቦ ብሎኑን ሁሉ ግሪስ ይቀባል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለደረቅ ጥርስ የተጻፈ ከሆነ መቀነስ አለበት። የካንዴላ አምራቾችም በዚሁ ምክንያት ጥርሱ በፋብሪካ ለተለበጠ ካንዴላ ግሪስ አትቀቡ ይላሉ። 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለውን አዲስ ካንዴላ በጣት እስከሚቆም አዙሮ፣ ከዚያ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ብቻ መጨመር ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ሮንዴላው አስቀድሞ ስለተጨመቀ የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ይበቃዋል።

የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አሉሚኒየም ከአረብ ብረት ይለሰልሳል፤ ጭነቱም ለጥርሶቹ እኩል አይከፋፈልም። የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን የጭነቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሸከማል፤ እሱ ሲሰጥ ጭነቱ ወደሚቀጥለው ይዞራል፣ ከዚያ ተከታትለው ይላጣሉ። ስለዚህ በአሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው የብሎን ጥርስ ርዝመት ከውፍረቱ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጎን ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው የተለያየ ነው። ሲፈቱ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ከቆዩ፣ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ይገባና ሦስት አራት ጥርስ ብቻ ይጨብጣል። ያኔ ትክክለኛው ልክ እንኳ ይነቅለዋል። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስሎ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው መሰካት የድሮ መካኒኮች ብልሃት ነው፤ እስካሁን የተሻለ አላየሁም።

በተቃራኒው ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ታች ይነካና ክዳኑን ሳይጨምቅ ይጠብቃል። ባለቤቱ ክዳኑ ስላልያዘ መግፋቱን ይቀጥላል። ከዚህም የከፋ አለ፦ ታች ያልተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም የማጠቢያ ፈሳሽ ቀርቶ ከሆነ፣ ብሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። ፈሳሽ አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ ግፊቱ ሁሉ ወደ ቀዳዳው ግድግዳ ይዞርና የሞተሩን አካል ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሁሉንም በልኩ ያጠበቀ ሰው ይህ ሲደርስበት ምክንያቱን እንኳ አያገኘውም። እያንዳንዱን ቀዳዳ በአየር ነፍቶ በጨርቅ ማድረቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሲነፋ ዓይንን መሸፈን ግን ግድ ነው፤ ዘይቱ ተመልሶ ፊት ላይ ነው የሚረጨው።

የሙቀትንም ነገር ማሰብ ይገባል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከአረብ ብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ሞተሩ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሲሞቅ፣ በዚያች 30 ሚሊ ሜትር ውስጥ አሉሚኒየሙ ከብሎኑ 0.03 ሚሊ ሜትር አብልጦ ይረዝማል። ብሎኑ በቅዝቃዜ የተለጠጠው 0.06 ስለነበር የግማሹ ያህል ይጨመርበታል ማለት ነው፤ የታሰሩት ክፍሎች ራሳቸው በመጠኑ ስለሚታመቁ ሙሉው ባይደርስበትም። ጋራዥ ውስጥ ወሰኑ ጫፍ ላይ የተተወ ብሎን ደህና መስሎ ያድርና ሞተሩ አቀበት ላይ ሲግል ጥርሱን ይነቅላል። ይኸው ባሕርይ ለመፍታት ግን ይረዳል። በዝገት የተያዘ ብሎን ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም በሙቅ አየር ሲሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል፤ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው እያመላለሱ ማሠራት ነው።

በጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ አንድ የተለየ ጣጣ አለ። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሞዴሎች የጎን ክዳን ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ባለ መስቀል ቦይ ብሎን ነው። ቦዩ በጃፓን መለኪያ የተሠራ ሲሆን በየቤቱ ያለው ካቻቪቴ ደግሞ በአብዛኛው የአሜሪካው የፊሊፕስ ቅርጽ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን የፊሊፕሱ ጫፍ እስከ ታች አይቀመጥም። ሲገፉት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦዩንም ይልጠዋል። የጃፓኑን ልክ ካቻቪቴ መግዛት ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው እላለሁ።

የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ፈተና ደግሞ ጥርሱ ራሱ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያቀረበው ጥርስ 55 ዲግሪ ማዕዘን አለው፤ ለብስክሌትና ለሞተር ሳይክል የወጣው የኋለኛው መለኪያ ግን 60 ዲግሪ ነው። ሩብ ኢንች ውፍረት ላይ፣ ደቃቁ ባለ 55 ዲግሪ ጥርስም ባለ 60 ዲግሪውም በአንድ ኢንች 26 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ የአንዱ ዳዶ በሌላው ብሎን ላይ ያለ ችግር ይገባል፤ የሚነካካው ግን የጥርሱ ከፊል ብቻ ነው። ዳዶው ስለገባ ብቻ ልኩ ነው ብሎ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን በራሱ እጅ ይላጨዋል።

በእነዚሁ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከ1967 ጀምሮ የመጣው የአማል ኮንሰንትሪክ ካርቡራቶር ከመጠን በላይ የመጥበቅ ታዋቂ ተጎጂ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች በግራና በቀኝ ናቸው። ሲበዛባቸው መሐሉ ይጎብጥና አየር ያስገባል፤ ባለቤቱም አየሩን ለማስቆም ይብስ ያጠብቃል። ጉብጠቱ፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ የሚመላለሰው የነዳጅ በር የሚንሸራተትበትን ቀዳዳም ያጣምመዋል። ያኔ እጅ ጋዙን ቢለቅም በሩ ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። መፍትሔው ገጹን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በአሸዋ ወረቀት አስተካክሎ፣ ዳዶዎቹን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ማሰር ነው።

እድሳቱን የሚያሳምረው ቀለምም ብሎንን ያላላል። የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ውፍረቱ ከ0.06 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የብሎናችን ጠቅላላ መለጠጥ ደግሞ 0.06 ነው። በብሎኑ ራስ ሥር ያለው ቀለም በጭነቱ እየሳሳ ሲሄድ መለጠጡ ቀስ በቀስ ያልቃል። ባለቤቱ «ላልቷል» ብሎ ደጋግሞ ያጠብቃል፣ አንድ ቀን ይቆረጣል። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ከመቀባቱ በፊት መሸፈን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ብሎኑን በክሮም ወይም በዚንክ ማስለበጥም አደጋ አለው። በአሲድ ሲታጠብና በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል። በጣም ጠንካራ የሆኑ ብሎኖች በዚህ ምክንያት ይሰባበራሉ፤ ያውም ሲጠብቁ ሳይሆን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ። አዋቂ ለባጭ ብሎኖቹን ወዲያው ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ይህን ለማያደርግ ለባጭ የፍሬን ወይም የጎማ ማሰሪያ ብሎን መስጠት አይገባም።

ታዲያ በጣም ማላላት ይሻላል ወይ? አይሻልም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እንዳሳየው ብሎን በዋናነት የሚፈታው የታሰሩት ክፍሎች ወደ ጎን ሲንሸራተቱ ነው። በቂ መለጠጥ ካለ መንሸራተቱ አይኖርም። በተለየ ሁኔታ ላላ ተደርጎ የሚታሰረው የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታ መያዣው ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች እሱን መሪው ላይ በኃይል ቢመታ እንዲዞር አድርገው ነው የሚያስሩት፤ ሞተር ሳይክሉ ቢወድቅ እጀታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም።

እጅ የሚያውቀው አንድ አስተማማኝ ምልክት አለ። ጤነኛ ብሎን ሲጠብቅ ክብደቱ በእኩል እየጨመረ ይሄዳል። ቁልፉ እየዞረ ክብደቱ መጨመሩን ካቆመ፣ አንድ ነገር እየሰጠ ነው። እዚያ ላይ ማቆም፣ ብሎኑን ማውጣት፣ ጥርሱን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ጥርሶቹ መሐል የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞ ከወጣ የቀዳዳው ጥርስ ተልጧል። ያኔ የሚያድነው ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠማዘዘው ሄሊኮይል ነው። ቀዳዳው በትራፓኖ በልኩ ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ከገጹ አንድ ጥርስ ያህል ዝቅ ብሎ ይገባል። ጭነቱ በሰፋ ዙሪያ ላይ ስለሚያርፍ ከመጀመሪያው የአሉሚኒየም ጥርስ ይበልጥ ይይዛል። ታች ያለችው የሽቦ ጅራት ተሰብራ መውጣት አለባት፤ ቀዳዳው ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ በፒንሳ ወይም በማግኔት ተይዛ ካልወጣች ከማርሾቹ መሐል ትወድቃለች።